ጆንያ ውስጥ የከረመው ደብዳቤ

እትዬ ቴምብር የሚሏት በፖስታ ቤቱ ጓዳ ደብዳቤ የምትለይ ሴት ነበረች። ከግድግዳው ጋር የቆመው የእንጨት መደርደሪያ ለየአገሩ አንዳንድ ሳጥን ነበረው፤ እሷም አድራሻውን በዓይኗ ላፍ አድርጋ እያንዳንዱን ወደየቤቱ ወርወር ታደርገዋለች። የዓለም ካርታ ዘርግታ አታውቅም። ዓለም ለሷ ያ መደርደሪያ ነበር።

ባሕር ማዶ፣ መርከብ መጠገኛ ውስጥ ብየዳ የሚሠራ አንድ ወንድም አላት። ከእናታቸው ጋር ተቀያይሞ ነው የሄደው። «እማዬ ራሷ ና ካለችኝ እመጣለሁ፤ ካላለችኝ ግን እዚሁ እቀራለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። እናትየው ሁለት ዓመት አኩርፋ ከርማ፣ የጦርነት ወሬ ሲበዛ ጊዜ ሆዷ ባባ።

«በይ ጻፊልኝ» አለች።

«ምን ልበለው?»

«ና በይው። ሌላ ምን አለ? ኩራቱ እንደሆነ የአባቱ ነው።»

ደብዳቤው የቀን ማህተም ባረፈበት ጠዋት ጦርነቱ ተጀመረ። በአንድ ድልድይ የተነሣ ነው አሉ። ሁለት አገሮች የኔ ነው፣ የኔ ነው ሲባባሉ ወታደር ሞተ፤ አንዱ ወዳጁን ጠራ፣ ሌላውም የራሱን። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ፣ «ደንቡ» ሳይል አፉ ስለማይፈታ አቶ ደንቡ እያሉ የሚያሙት ሰውዬ፣ ወረቀትና ሙጫ ይዞ መጣና ሁለት ሳጥኖች አሸገ። አንደኛው ወንድሟ ያለበት አገር ነበር።

«የነዚህ ደብዳቤ በሙሉ ለላኪው ይመለስ። ደንቡ ነው።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል ጋሼ?»

«ከወር አያልፍም ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«እኔ ጄኔራል ነኝ እንዴ፣ እትዬ ቴምብር?»

ማህተም ያረፈባቸው አርባ ያህል ደብዳቤዎች እጇ ላይ ነበሩ። ለአንድ ወር ብዬ የሰው ልብ ለምን እሰብራለሁ አለች። መንገዱ ሲከፈት ቀድመው እንዲሄዱ፣ የእናቷንም ጨምራ፣ ጆንያ ውስጥ ከታ ከመደርደሪያው ጀርባ ሸጎጠቻቸው።

ወሩ አለፈ። አቶ ደንቡ ሙጫውን አላስቀመጠም። ሦስተኛ ሳጥን ታሸገ፣ ቀጥሎ አራተኛና አምስተኛ፣ ቀጥሎ በአንድ ሳምንት አራት። ስማቸውን በዓመት አንዴ የምታነበው ደሴቶች ሳይቀሩ ገቡበት። አሁን ደብዳቤዎቹን ልመልስ ብትል ማህተሙ ቀኑን ያሳብቅባታል፤ የት ከርመው ነው ሲሏት ምን ትላለች?

በአምስተኛው ወር የሰፈሩ ጫማ ሰፊ እየሳቀ መጣ። ልጁ ወንድሟ ያለበት አገር ናት።

«የጻፍኩት ሲመለስልኝ ጦርነት ባልነካው በጎረቤቱ አገር በኩል አዙሬ ላክሁት» አላት። «ይኸው መለሰችልኝ። ለመውጣት ፈቃድ እየሰጡ ነው፤ ትመጣለች።»

እትዬ ቴምብር ምሳዋን ትታ በእናቷ ስም ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። ይዛው ስትገባ አቶ ደንቡ የዚያን የጎረቤቱን አገር ሳጥን እያሸገ አገኘችው።

ቤት ውስጥ እናትየው በየቀኑ ትጠይቃለች። «መልስ የለም?»

«የለም እማዬ።»

«ና ብዬው እንቢ አለኝ በይኛ። እኔን እንዳዋረደኝ እሱም አፈር አይቅለለው።» ሽንኩርት እየከተፈች፣ ልብስ እያጠበች፣ ስድስት ዓመት ረገመችው። እትዬ ቴምብር ግን የጆንያውን ነገር አልነገረቻትም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ማን እንዳሸነፈ ራዲዮ ተናገረ። አቶ ደንቡ በቢላ የሳጥኖቹን ወረቀት ሲፍቅ አንዱ ላይ ሲደርስ ተወው።

«ይሄኛው አገር አሁን የለም አሉ» አላት።

«ሳጥኑንስ ምን እናድርገው?»

«እንጃ። ስለዚህ ደንብ አልወጣም።»

ጆንያውን ላከችው። ከአራት ወር በኋላ የእናቷ ደብዳቤ ተመለሰ። ጀርባው ላይ የወንድሟ የሥራ ባልደረባ፣ ያገር ልጅ፣ ጽፎበታል። «ፈቃድ ሲሰጥ አብረን እንሂድ ስለው፣ እናቴ አልጠራችኝም ብሎ ቀረ፤ በጦርነቱ ሁለተኛ ክረምት መጠገኛው በቦምብ ሲመታ ሞተ» ይላል።

ለእናቷ አነበበችላት። ጆንያውንም ነገረቻት።

እናትየው ደብዳቤውን ከእጇ ወስዳ አጠፈችው። «ስረግመው እያየሽኝ?» አለች።

«እያየሁሽ።»

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረው ኖሩ። ውኃ አምጪ፣ በሩን ዝጊ ትላታለች እንጂ ልጄ ብላ ጠርታት አታውቅም። ሰው ቤት ሲመጣ፣ ሙት የተረገመበት እርግማን በምን እንደሚነሣ ትጠይቅ ነበር። የሚያውቅ አላገኘችም።