የትርንጎ ሙሾ በቸኮል አፍ

ይህ የሆነው ጣልያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ እንግሊዝ ከገላባት በኩል መድፉን ማስጮህ ከመጀመሩ በፊት ነው። እኔ ባል ያገባሁ በዓመቴ ነበር። አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ደህና መሆኑም ነው ይህን ያስጻፈኝ።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ራዲዮ ከፍታ ስለ አንድ የሞተ ሰው ሲያወሩ ሰማሁ። «ዘፋኝ፣ ተዋናይና ደራሲ» አሉት። «በጠላት ፊት ቆሞ የወገኑን ሙሾ ያወረደ ጀግና» አሉት። ስሙን ሲጠሩ ሰሊጥ የማበጥርበት ሰፌድ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«እማማ፣ ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ ልጅቱ።

«መሰንቆ ሲመታም፣ ፊቱን ዱቄት ሲቀባም፣ የሰው ግጥም ሲሰርቅም አውቀዋለሁ» አልኳት።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ የተዳርኩ ሴት ነኝ። አጻጻፌ ቢጎረብጥ ታገሡኝ።

አክስቴ ትርንጎ አልቃሽ ነበረች። ከጓንግ ወንዝ ወዲህ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚላክባት እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ሟች የራሱን ግጥም ታወጣለታለች። ያንን ግጥም በቀብሩ ታወርደዋለች፣ በአርባው ትደግመዋለች፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሬሳ አትነካውም። «የሟች ግጥም እንደ ከፈኑ ነው፤ ገፍፌ ለሌላ አላለብስም» ትል ነበር። ሰዉም ይህን ያውቅላታል።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ማሩ ይባላል። የታጨ ጎረምሳ ነበር፤ ሰርጉ ከአዝመራ በኋላ ተቆርጧል። ማሽላው ሲያሽት ማሳው መሐል ከተሠራው ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳውን በወንጭፍ ያባርራል። አንድ ጠዋት በመንገድ የሚያልፉ የጣልያን ወታደሮች ከፍ ብሎ የቆመ ሰው አዩና የአርበኛ ቃፊር ነው ብለው ተኮሱበት። ቃፊር! ወፍ የሚጠብቅ ልጅ!

ትርንጎ በልጇ ሬሳ ላይ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ማሽላው ደረሰ ማን ይጠብቀዋል፣
ወፉ ሁሉ ወርዶ ማሩን ይጠራዋል።
ጠመንጃ የለውም ወንጭፍ ነው በእጁ፣
ከማማው ላይ ጣሉት ጣልያኖች በደጁ።

በዚያ ለቅሶ ላይ አዝማሪው ቸኮልም ነበር። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ እንባውን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። እኔም አሳዘነኝ። ለካ እሱ ግጥሙን እያጠና ነው።

አልዋሽበትም፣ ቸኮል ድምፅ ነበረው። መሰንቆውን ሲያስጮህ ጅብ የሚፈራ ሰው እንኳ ከቤቱ ይወጣል። ጣልያን ሲመጣ ግን ድምፁ ብቻ አልበቃው አለ። የጣልያኑ ሹም በየገበያው ቀን ሕዝብ እየሰበሰበ ቲያትር ማሳየት ሲጀምር ቸኮል ተዋናይ ሆነ። ፊቱን በዱቄት ነጭ አድርጎ ጣልያን ይሆናል፤ ከዚያ ዱቄቱን አራግፎ የሚለምን ሽፍታ ይሆናል። የመተማ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ላቡ ሲወርድ ዱቄቱ ይቦካና ጉንጩ ላይ ሊጥ ሆኖ ይንጠባጠባል። እሱ ግን ከተወለድን ጀምሮ የሚያውቀንን ሁላችንን ከላይ ወደ ታች ያየናል።

«ደግሞ ምን ሆነህ ልታየን ነው፣ አያ ቸኮል?» አልኩት አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ አግኝቼው።

«ደራሲ» አለኝ ሳያፍር። «ግጥሜ ኬላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማንበብ ትችይ የለ? ሂጂና አንብቢ።»

ሄጄ አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ «ማሽላው ደረሰ ሹሙ ይጠብቀዋል፣ ወፉ ሁሉ ወርዶ ስሙን ይጠራዋል።» ከሥሩ የቸኮል ስም ተጽፏል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የገደሉትን ልጅ ስም አውጥቶ በቦታው የገዳዮቹን አለቃ አስገባበት። ማሽላውን ሹሙ ይጠብቀዋል አለ! ወፍ ጠባቂውን ማን ገደለና?

ዜማው ደግሞ ቀላል ስለሆነ ወዲያው ተዛመተ። ሕፃናት በየመንገዱ «ሹሙ ይጠብቀዋል» እያሉ ይዘልላሉ። ትርንጎ ሰማች። አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። በገመድ በተጠለፈ አልጋዋ፣ አንገረቧ ላይ ተቀምጣ ገመዱን በጣቷ እየነካካች፣

«አርባው ደርሷል» አለችኝ። «ምን ብዬ ላልቅሰው? አፌን ስከፍት ሰዉ የሹሙን ዘፈን ነው የሚሰማ። ልጄን ሁለተኛ ገደሉብኝ።»

«ሌላ አውጭለት፣ እትየ» አልኳት።

«የማሩ እሱ ነው። ሌላ የለውም።»

ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ባሌን ባማክረው «ዝም በይ፣ ታስጨርሽናለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰው በትንሽ ነገር ይሰቀል ነበር። እኔ ግን የሰው ከፈን ተገፍፎ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከአርባው በፊት በነበረው የገበያ ቀን የጣልያን አስካሪ ወታደሮች ሰዉን እየነዱ ቲያትሩ ወደሚታይበት ዳስ ሰበሰቡን። ትርንጎም ከል የተነከረ ልብሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ሹሙ ከፊት በወንበር ተቀምጧል፣ አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሟል። ቸኮል ሊጡን አንጠባጥቦ ሲጨርስ መሰንቆውን አነሣ።

የአዝማሪን ሥራ ታውቁታላችሁ። አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ከሰጠው አዝማሪ ተቀብሎ ሊዘፍነው ግዴታው ነው። አልቀበልም ያለ አዝማሪ መሰንቆውን ሰቅሎ ቢሄድ ይሻለዋል። ሹሙ ይህን ልማድ አስተርጓሚው ነግሮት እንደ ሕፃን ወዶታል። እሱ ራሱ በአስተርጓሚው በኩል የሮማን ውዳሴ ሰጠ፤ ቸኮል ተቀበለ፤ ሹሙ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ከአማርኛ ይችን አንድ ቃል አወቀና «ተቀበል! ተቀበል!» እያለ ሰዉ ግጥም እንዲሰጥ በእጁ ይጠቅሳል።

ተነሣሁ።

«ተቀበል!» አልኩ።

ሴት ስትነሣ ሰዉ ዞሮ አየኝ። ቸኮል ጥርሱን ብልጭ አደረገ። «ወዲህ በይ፣ እቴ!»

«ማሽላው ደረሰ ማን ይጠብቀዋል።»

በ«ማን» ጠይቄ በ«ሹሙ» የምመልስ፣ የራሱን ዘፈን የምሰጠው መስሎት በደስታ ተቀበለ።

«ወፉ ሁሉ ወርዶ ማሩን ይጠራዋል» አልኩ።

አፉ ከአሳቡ ቀደመ። ስንት ዘመን የሰጡትን ሲቀበል የኖረ አፍ ነው፤ «ማሩን ይጠራዋል» ብሎ ከወጣለት በኋላ ነው የደነገጠው። የመሰንቆው እጁ ቆመ። እኔ ግን አላቆምኩም።

«ጠመንጃ የለውም ወንጭፍ ነው በእጁ!»

ላቡ በጉንጩ ላይ ተንቆረቆረ። እኔን አየ፣ አስተርጓሚውን አየ፣ መሬት አየ። ያን ጊዜ ሹሙ በአለንጋው ቦቲውን መታና ጮኸበት። «ተቀበል!»

እና ተቀበለ። ሌላ ምን ይላል? አራተኛዋንም ሰጠሁት፤ «ከማማው ላይ ጣሉት ጣልያኖች በደጁ» ብሎ በዚያ በሚያምር ድምፁ ለጣልያኖች ዘፈነላቸው።

ከኋላ ትርንጎ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ደረቷን መታች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። ወንዶቹ ራሳቸውን ገለጡ። ዳሱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሹሙ ግራ ገብቶት አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሹሙ ፊቱ በራ፤ አጨበጨበ፤ ድገም ማለቱ ነው «አንኮራ! አንኮራ!» አለ።

ቸኮል ደገመ። እንደገና አስደገመው። ገዳዮቹ እያጨበጨቡ፣ እናቱ ደረቷን እየመታች፣ ሌባው እየዘፈነ ማሩ ተለቀሰለት።

በኋላ አስተርጓሚውን ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። አላውቀውም፣ አያውቀኝም። ሳያየኝ እንደሚያልፍ ሰው አጠገቤ ቀስ አለና «ሀገሬው በጣም ሲደሰት ያለቅሳል ብየዋለሁ» አለኝ። «ሁለተኛ ግን አያምነኝም፤ እንዳትደግሚው።» እግዜር ይስጥልኝ ሳልለው አለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአርባው ትርንጎ የልጇን ግጥም ከራሱ እስከ እግሩ አወረደች። «የሹሙ ዘፈን» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሕፃናቱም ከመንገድ ላይ ተዉት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ራዲዮውን ዘግቼ እተኛ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ ግን ቸኮል ትርንጎ ደጅ መጣ። ካኪ ለብሷል። ጎፈሬ አሳድጓል፤ ጠላት ከሄደ በኋላ የበቀለ የአርበኛ ጎፈሬ! እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እማማ ትርንጎ፣ ያችን ሙሾ ለኔ ይስጡኝ» አለ። «በጠላት ፊት ማውረዴን ሰዉ ሁሉ ይመሰክራል። አዲስ አበባ ሄጄ በቲያትር ላስገባት ነው፤ በመጽሐፍም ትወጣለች። የማሩ ስም ይጠራል።»

«የኔስ?» አለችው።

«የርስዎ ምን?»

«ያወጣኋት እኔ ነኝ። ስሜ ይጠራል ወይ?»

ሳቅ አለ። «እማማ፣ ስም ሲበዛ ሕዝብ ይሰለቻል።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየችውና «ተቀበል» አለችው፦

ከማሩ ሬሳ ላይ ከፈን የገፈፈ፣
ቸኮል የሚባል ሰው በዚህ ደጅ አለፈ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ከማሩ ሬሳ ላይ» ድረስ ብሎ አፉን ያዘ። ልማድ ነው፣ ምን ያድርግ! ወጥቶ ሄደ፤ ዳግመኛ በዚህ አገር አልታየም።

ከዚያ በኋላ ዘፋኝ ሆነ፣ ተዋናይ ሆነ፣ ደራሲ ሆነ ይሉኛል። ይሁን። ትርንጎ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆናት፤ ለእሷ ያለቀስኩት እኔው ነኝ፣ በማይረባ ግጥም። ቸኮልን አልረግመውም፤ ለእርግማን የሚበቃ ሰው አይደለም። የሚያናድደኝ አጨብጫቢው ነው። ያ ሹም ቋንቋውን ስለማያውቅ አጨበጨበ፤ እናንተ የራዲዮ ሰዎች ምን ሆናችሁ ነው?

የልጅ ልጄ የቸኮልን መጽሐፍ ፈልጋ አግኝታ አነበበችልኝ። የማሩ ሙሾ አለ፤ ከሥሩ የቸኮል ስም አለ። ደጅ ላይ የተሰጠችው ያችኛዋ ግጥም ግን የለችም። ተቀብሎ ስላልጨረሳት ይሆናል። እኔ እዚህ ሙሉዋን አኑሬያታለሁ። ስታትሟት ከሥሯ «የትርንጎ» ብላችሁ ጻፉልኝ።