«አላውቃቸውም» ያሉት ጎረቤቴ

ሰውየው ያቀረብንለትን ሻይ ሳይነካው ተነሣ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንዲህ ከሆነ ልጅቷን ልንሰጣችሁ አንችልም» አለን።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከድርቁ በኋላ። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ከማሳደጊያ አንዲት ትንሽ ልጅ ወስደን ለማሳደግ ጠይቀን ነበር። እየሄድን እናያታለን... መጨረሻ ላይ ስንሰናበታት የቀሚሴን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሰው አልነበርኩም። የቀረው ነገር ጉዳዩን ከያዘው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ቤታችንን ማየትና ጎረቤት መጠየቅ ብቻ ነበር።

ጎረቤት ሲሉን ደስ ነው ያለኝ። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ነው። እዚያ ሰፈር ማን ምን እንደበላ ሳይቀር ይታወቃል። ቀጥለው ያሉት ደግሞ ባለሱቋ እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ስታመም የሚያስታምሙኝ፣ እናቴ የምላቸው ሴት።

«ጎረቤቶቻችን ምን አሉ?» አልኩት ሰውየውን።

«የጠየቅኳቸው ሁሉ አያውቋችሁም። ባለሱቋማ ‹ሲገቡም ሲወጡም አይቻቸው አላውቅም፤ ሰው መኖሩንም እንጃ› ነው ያሉኝ። ጎረቤት ለማያውቀው ሰው ልጅ አንሰጥም።»

ባለቤቴ ሰውየውን መለመን ጀመረ። እኔ ግን ነጠላዬን እንኳ ሳላነሣ ወደ ሱቁ በረርኩ።

ደጃፉ ላይ ገበያተኛ ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንቱታውን ትቼ «አንቺ ምቀኛ!» አልኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት... አላቆምኩም። «ያንቺ ልጅ ስለሞተ እኔም ባዶ ቤት እንድቀር ነው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እማማ ዘይነባ በእጃቸው የያዙትን ጠርሙስ ቀስ ብለው አስቀመጡና «ነይ ግቢ» አሉኝ።

ጓዳ ገብተን በሩን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውየው ለልጅ ነው እንዴ የመጣው?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ሊመጣ ኖሯል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ‹ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ ማታ ስንት ሰዓት ይመጣሉ፣ ሰው ይሰበስባሉ ወይ› አለኝ። ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት የምትሰበሰቡትን የማላውቅ መሰለሽ?»

እኛ ጴንጤዎች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። መጋረጃ ዘግተን፣ በሹክሹክታ... ማንም የሚያውቅ አይመስለንም። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰውየውን ጆሮ ጠቢ ነው ብለው፣ እኛን ለማዳን ነው አላውቃቸውም ያሉት። ልጅ ልናመጣ መሆኑን ደግሞ ለማንም አልተናገርንም ነበር፤ ሳይሳካ ቢቀር መሳቂያ እንዳንሆን ብለን።

እማማ ዘይነባ ልጃቸውን በቀይ ሽብር ጊዜ እንዳጡት አውቃለሁ። እንዴት እንደተያዘ ግን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

«ያኔም የመጣው ሰው እንደዚህ ትሁት ነበር» አሉኝ። «‹እናቴ፣ ልጅዎ ማታ ስንት ሰዓት ይገባል?› አለኝ። ጓደኛው መስሎኝ... እውነቱን ነገርኩት።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተነሽ፣ ተነሽ» ይሉኛል። እሳቸው ሳያለቅሱ እኔ ማልቀሱም አሳፈረኝ።

ባለቤቴ በስንት ልመና ሰውየውን ምስክር ይዘን ቢሮው እስክንቀርብ እስከ ነገ እንዲታገሰን አድርጎ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት እማማ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሻርፓቸውን ተከናንበው ደጃችን ቆመዋል። ኑ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ በምን አፌ? አውቶቡስ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ጠያቂ ፊት መቅረብ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ቢሮው እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ሰውየው ያንኑ ጥያቄ ደገመላቸው። «እነሱ ቤት ማን ይገባል?»

«እኔ እገባለሁ።»

«ሌላስ?»

«የምገባውም እኔ፣ የምወጣውም እኔ። ቁልፋቸው ራሱ እኔ ጋ ነው።»

«ትናንት አላውቃቸውም ብለውኝ አልነበር?»

«ትናንት ያላወቅኩት አንተን ነው ልጄ» አሉት።

ሰውየው ትንሽ አቀረቀረ። የገባው ይመስለኛል፤ እሱም የዚያው አገር ሰው ነው። ከዚያ ወደ እኔ እያየ «የሴትዮዋ ጠባይስ እንዴት ነው? ልጅ ላይ አትቆጣም?» አላቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰፈሩ ሁሉ የሰማው የትናንቱ ንግግሬ ገና ከጆሯቸው አልወጣም። እማማ ዘይነባ ዞር ብለው አዩኝ... ረጋ ብለው አዩኝ።

«ክፉ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ልጅቷ ተሰጠችን። ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። እኔም ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ... ልጅ ለማሳደግ ብቁ ናት የተባልኩት በዚያች ውሸት ነውና።