ለቢረሳው የተጻፈ አቤቱታ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን ይዛ ብቻዋን ትስቃለች። ምን አገኘሽ ብላት፣ በምትከታተለው የታሪክ ድራማ ላይ ተመልካቾች የጻፉትን ታነብልኝ ጀመር። አንዷ «እባካችሁ ልጁን አትግደሉት፣ ለእናቱ ስትሉ» ብላለች። ሌላው ንጉሡን እንዴት መርዝ ማብላት እንደሚቻል ደራሲውን ይመክራል። «እማዬ፣ ሰው ግን አያፍርም? እውነት መሰለው እኮ» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሻዬ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ፤ እሷም ያመመኝ መስሏት ስልኩን አስቀመጠች።

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሳ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው በቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነበር፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ክረምት እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። ቢረሳው የሚባል ወጣት በመሳፍንቱ ዘመን ከአንድ ደጃዝማች ጦር ኮብልሎ፣ ከእናቱ መንደር በታች ገደል ውስጥ ተደብቋል። እናቱ ስንቅ ታመላልስለታለች፤ የደጃዝማቹ ሰዎች ያስሱታል። የድሮውን ሥርዓት ጭካኔ ያሳያል ተብሎ የቀረበ ስለነበር ለቢረሳው መጮህ የሚያስጠይቅ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ደጃዝማቹን ይሰድብ ነበር።

አዳራሹ በዝናብ የራሰ ጋቢና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። ሴቶቹ «በዚያ አትሂጂ፣ አድፍጠውልሻል» እያሉ እናቲቱን ያስጠነቅቋታል። ጸጉር አስተካካያችን ቢረሳውን ፈሪ ነው በማለቱ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም የምትለው ሴት አላገኘም። ሰፈራችን ውስጥ በድራማው ላይ ቢረሳውን የሚጠቁመውን ሰው የሚመስል አንድ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ድራማው እስኪያልቅ ጋሪው ላይ የሚወጣለት ጠፋ። ምስኪኑ ሰውዬ ጥፋቱን ሳያውቅ ክረምቱ አለፈ።

እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከጎረቤታችን ከእትዬ አበበች አጠገብ ነበር። ባላቸው ሞቶባቸው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበለቱ ይሸጣሉ፤ እጃቸው ምንም ያህል በሎሚ ቢያሹት ቆሮሶ ቆሮሶ፣ የሐይቁን ዓሣ፣ ይሸታል። አንድ ልጃቸው ታምራት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው ይባል ነበር። ስለ እሱ ብዙ አያወሩም። ድራማውንም እንደ ሌላው እየጮኹ አያዩም፤ ጥሩ ልብስ ሰፊ የሌላውን ስፌት እንደሚያይ ነው የሚያዩት። «ምነው ወጥ ትወስድለታለች?» ይሉኛል በሹክሹክታ። «ሽታው ውሻ ይጠራል። በሶ ነው እንጂ። ደግሞስ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ?» እኔ አስተዋይነታቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

አንድ እሁድ የደጃዝማቹ ሰዎች የእናቲቱን ዱካ ወንዝ ዳር ሲያገኙ የዕለቱ ክፍል እዚያ ላይ አበቃ። የዚያን ሳምንት የሰፈሩ ጭንቀት ሌላ ነበር። በመጨረሻ ሴቶቹ ልጁ እንዳይገደል ለቴሌቪዥን ጣቢያው አቤቱታ ይጻፍ አሉ። በእጅ ጽሕፈቴ የታወቅሁ ስለነበርኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። በእትዬ አበበች በረንዳ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አምስት ሴቶች አጻፉኝ። አራቱ ልመና ነበር ያጻፉኝ። እትዬ አበበች ግን ብልሃት አጻፉኝ።

«በሶና ቆሎ ብቻ ትውሰድለት። ስንቁን ከምትሸጠው ዕቃ ሥር ታድርገው፤ ነጋዴ ሴት ማን ይፈትሻል? እሱም ቀን ቀን ከበቆሎው ውስጥ አይውጣ።»

«እትዬ፣ ቢረሳው ያለው ገደል ውስጥ ነው እኮ» አልኳቸው።

«እሱስ ልክ ነሽ። እንግዲያው ገደል በዪው» አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አደረጉ።

በዚያን ጊዜ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጠርም ነበር። ማንም ሳያዘኝ፣ ነገሩን አሳምሬ ልጨርስ ብዬ፣ አቤቱታው ላይ ማኅተም ለማስመታት ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ድምፁ ለስላሳ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጥሩ ጽሕፈት አለሽ» አለኝ። «ይህ የስንቁ ብልሃት ግን ያንቺ ነው?»

አዎ ብል ኖሮ ያበቃ ነበር። እኔ ግን የሰው ሐሳብ የራሴ ነው ማለትን እንደ ስርቆት የምቆጥር ኩሩ ተማሪ ነበርኩ። «የእትዬ አበበች ነው» አልኩት።

«ብልህ ሴት ናቸው» አለና ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ማኅተም መትቶ ራሱ እንደሚልከው ነገረኝ። ተመልሼ ለእትዬ አበበች «ፖስታ ቤት አስገባሁት» አልኳቸው። ያለ ፈቃዳቸው ቀበሌ መውሰዴን ይቆጡኛል ብዬ ነው የዋሸሁት።

ረቡዕ ዕለት እትዬ አበበች የዓሣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከከተማው ወጣ ወዳለው ወደ ቡሹሎ ሲሄዱ የቀበሌው ሰዎች ተከተሏቸው። ከዓሣው ሥር በሶ ነበር። ታምራትን ከእህታቸው የበቆሎ ማሳ ውስጥ አወጡት፤ ከጦሩ ኮብልሎ አምስት ወር እዚያ ኖሯል። በጠራራ ፀሐይ እጁን የፊጥኝ አስረው በደጃችን ሲያሳልፉት አየሁት። ጢሙ አድጓል፣ ብርሃኑ ዓይኑን ያስቸግረዋል። እናቱ ዘንቢሉን እንዳንጠለጠሉ ከኋላ ከኋላ ይሄዱ ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ሰሜን መለሱት።

እሁድ እትዬ አበበች አይመጡም ብለን ነበር፤ መጡና እኔ አጠገብ ተቀመጡ። በዚያን ቀን ቢረሳው ወንዙን ተሻግሮ አመለጠ። አቤቱታችን ከመሳቢያው ሳይወጣ ደራሲው ራሱ አዝኖለታል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እትዬ አበበችን እያዩ እጃቸውን አወረዱ። እሳቸው ግን «እሰይ፣ እናቱ አረፈች» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ፊደል ስላልቆጠሩ ለታምራት ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ሆንኩ። እያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻው አንድ ነበር፦ «ማን እንደጠቆመብህ የሰማኸው ካለ ጻፍልኝ። ክፉ አላደርግበትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።» «ጻፍሽው?» ይሉኛል። ጽፌዋለሁ እላለሁ፤ እውነትም ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። አንድም መልስ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ጦር ሲመለስ አውቶቡስ ተራ እየዋሉ ጠበቁት። ሳያገኙት፣ ሳያውቁም ሞቱ።

ዛሬ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ጥቆማውን በልጅነቴ አሳብቤ ራሴን ላጽናና እችላለሁ፤ አላወቅሁም ነበር። የማልችለው ሌላውን ነው። ታምራትን ሲመረምሩት ስሜን ነግረውት ይሆናል ብዬ እፈራ ስለነበር፣ ፖስታ ቤት ሄጄ «የለም» ሲሉኝ ቅልል ይለኝ ነበር። መልስ አለመምጣቱ ስለ ታምራት ምን ማለት እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር። እያወቅሁ፣ በየጊዜው፣ ቅልል ይለኝ ነበር።