መስኮቱን የምትከፍተው ሴት

የይጁቤ ከተማ ሰው «ሴትዮዋ አረቄዋን ሳትጨልጥ ከቤት አትወጣም» ብሎ አወራ። በጥር ብርድ ሌላው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እሷ ድንገት ፊቷ ቀልቶ ላብ ያጠምቃታላ! አረቄ ተጠጥቶ እንደሷ ቀጥ ብሎ የሚኬድ ከሆነ ግን አገሩ ሁሉ ከሷ ይማር።

ነገሩ ክኒን ነው። አንድ ጡቷን በካንሰር ከተቆረጠች ወዲህ በየቀኑ አንድ ትውጣለች፤ የታዘዘላት ለአምስት ዓመት ነው፣ ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳት፣ የሷ ካንሰር የሚፋፋው በሴት ሆርሞን ነው፤ ክኒኑ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። «እንደ መናኸሪያ ወንበር በሉኛ!» ብላ አሳቀችው። ሙቀቱና ላቡ የዚያ ጣጣ ነው።

ይህንኑ ለአንዲት ጎረቤቷ አጫወተቻት፤ ለሷ ማጫወት ደግሞ ለይጁቤ በሙሉ ማጫወት ነው። የአረቄው ሐሜት በማግስቱ ቆመ። በሽታው ይጋባል ብለው የፈሩት ግን አጠገቧ መቀመጡንም አብረው አቆሙ።

ዛሬ ክኒኗን ልታመጣ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ላቡ መጣባትና መስኮቱን ከፈተች።

«እትዬ፣ ይዝጉት እንጂ! በብርድ ሊጨርሱን ነው?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

ዘጋችው። ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከኋላዋ ለሦስት በተሠራው ወንበር አምስት ሰው ተጣቧል፤ ከጎኗ ያለው ባዶ ነው። ዞር ብላ አየቻቸውና እንዲህ አለች፦

«የበረደው ካለ ወደኔ ይምጣ፤ ሙቀቴ ለሁለት ይበቃል።»