ዘጠኝ ጊዜ ሰባት

ጸሐይነሽ ሰቆጣ ትምህርት ቤት የገባችው ልትማር አይደለም፤ ልትጋግር ነው። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይነገር። ኋላ አባቷን «ሴት ልጁን ያስተማረ» እያለ የሚያወድስ አፈ ቅቤ አይጠፋምና።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከጋዝጊብላ ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉ፣ በባሕረ ሐሳብ የተመሰከረላቸው ሊቅ ነበሩ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ሲያወጡ ቀለምም ብራናም አይሹም። ዲያቆን ልጃቸውን አስማረንም ገና በሰባት ዓመቱ ያንኑ ስሌት ማስጠናት ጀምረው ነበር። በ1949 ዓ.ም. «ከእንግዲህ ሹመቱም ሥራውም ለዘመናዊ ተማሪ ነው» የሚል ወሬ ሲበረታ ልጁን ሰቆጣ ላኩት። የሚጋግርለትና ውሃ የሚቀዳለት ሰው ያስፈልገዋል ተባለና የዐሥራ አንድ ዓመት እኅቱን አስከተሉለት።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ደግሞ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር «ሴት ተማሪ የላችሁም ወይ?» እየተባለ ይወቀስ ነበርና መዝገቡን ለማሟላት ስሟን ጻፈ። እነሆ ጸሐይነሽ ተማሪ ሆነች።

«አስማረ እስከተማረ ድረስ አንቺም ተማሪ» አሉ አባቷ። «እሱ የተመለሰ ዕለት ግን ትመለሻለሽ። የአበርገሌ ሰዎች እየጠበቁ ነው።»

የአበርገሌ ሰዎች የተባሉት በስምንት ዓመቷ ለልጃቸው ያጯት ናቸው። እጮኛዋን አይታው አታውቅም። የምታውቀው አስማረ ትምህርቱን ከተወ የእሷም ነገር እንዳበቃ ነው።

ሒሳብ የሚያስተምራቸው ገበያው የሚባል ከሩቅ አገር የተመደበ፣ ሰቆጣን እንደ ግዞት የሚቆጥር ሰው ነበር። ለቁጥር ልምምድ አንድ ሕግ አለው። ተማሪዎቹን በመስመር ያቆማል፤ ጥያቄውን ይናገርና አንዱን በጣቱ ይጠቁማል። ያ ካላወቀ ወደ ሌላው ይጠቁማል። በመጨረሻ የመለሰው ልጅ ይወጣና ያልመለሱትን አንድ በአንድ በጥፊ ይመታል። ገበያው የራሱን እጅ አያደክምም፤ ጠመኔውን ይዞ ይስቃል። ልጅን ከልጅ ለማቃቃር ከዚህ የበለጠ ብልሃት ሰይጣንም አያገኝ።

ጸሐይነሽ ቁጥር ወደደች። አማርኛው ራሱ ለአፏ አዲስ ነበር፤ በቤታቸው የሚነገረው ኽምጣኛ ነውና ቃል ባወጣች ቁጥር የከተማ ልጆች ይስቁባታል። «ስምንት ጊዜ ስድስት አርባ ስምንት» ስትል ግን የሚስቅ የለም። በሁለተኛው ዓመት ማባዣውን እስከ ዐሥራ ሁለት ድረስ እንደ ውሃ ጠጣችው። ሊጥ ስታቦካ ትቆጥራለች፤ እንጨት ስትለቅም ታባዛለች። በሕይወቷ የእኔ የምትለው ነገር ሲኖራት ያ የመጀመሪያው ነበር።

አስማረ ግን ጉድ ሆነ። ዳዊት የደገመ፣ በድምፁ የሚመሰገን የዐሥራ አምስት ዓመት ዲያቆን ሒሳብ ላይ ሲደርስ መሳቂያ ይሆናል።

«ሃያ ስምንትና ዘጠኝ?» አለው ገበያው አንድ ቀን።

አስማረ የጣቱን አንጓ ቆጠረና «ሰባት» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «አንተ ቄስ፣ ሃያ ስምንቱን ምን በላው?» አለና ገበያው ጣቱን ወደ ጸሐይነሽ አዞረ።

«ሠላሳ ሰባት» አለች። ምነው ምላሷን በነከሰችው!

«በይ ምቺው።»

ወጣችና የወንድሟን ጉንጭ በጣቶቿ ጫፍ ነካ አደረገችው። ገበያው ሳቁን አቆመ። «ጥፊ አታውቂም? እንዲህ ነው» ብሎ አቀመሳት። ዐይኗ ብልጭ አለ። ሁለተኛውን ጊዜ ወንድሟን አጮለችው፤ ድምፁ ራሷንም አስደነገጣት።

ከዚያ ወዲያ ገበያው ጨዋታ አገኘ። ወንድምየውን ይጠይቃል፣ ስሕተቱን ሰምቶ ይስቃል፣ እኅትየዋን ይጠራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ መታችው።

«በሴት እጅ እየተመታሁ አልማርም» አለ አስማረ፣ የሠራችለትን ሽሮ ገፍቶ። «ክህነት ያለብኝ ሰው ነኝ። ለፋሲካ አገር ከገባሁ አልመለስም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ባል አለሽ።»

ጸሐይነሽ ያን ቀን አልበላችም። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አብሯት እንዲሄድ ለመነችው፤ እየተነጫነጨ ተከተላት። መንገዱን ሙሉ ጠየቀችው። ሃያ አምስትና ዐሥር ስትለው አምስት ይላል። ሃያና ዐሥራ አራት ስትለው አራት ይላል። ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ስትለው ደግሞ ሦስት። እንስራዋን እንዳዘለች ቀጥ ብላ ቆመች። ልጁ እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም የሚሳሳተው፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ ሠላሳ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሠላሳ።

«አስማረ፣ ሠላሳውን የት ታደርገዋለህ?»

«ይገደፋል እንጂ!» አለ ተገርሞ። «ከሠላሳ ሲያልፍ ሠላሳው ይገደፋል፣ ትርፉ ይያዛል። አባ እንዲህ አይደል ያስተማሩኝ?»

ለባሕረ ሐሳብ እውነቱን ነው። ወሩ ሠላሳ ቀን ነውና ሠላሳ የሞላ ይጣላል፣ ስሌቱ በትርፉ ይቀጥላል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓለም በሠላሳ እንደሚያልቅ ሲማር ኖሮ አሁን ለዚያ ዕውቀቱ ፊቱን በጥፊ ይመታል። «እንዴት አድርገህ አሰብከው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ደመወዝ የሚበላበት አስተማሪ እንኳ።

«እዚህ አይገደፍም» አለችው። «የመንግሥት ሒሳብ ላይ ምንም አይገደፍም።»

ከዚያ ጠዋት እስከ ሰኔ ድረስ ውሃ መንገዱ ትምህርት ቤታቸው ሆነ። ጠላቱ የነበረውን ዘጠኝ ጊዜ ሰባትን በተለይ መላልሳ ስላስጠናችው ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት «ስልሳ ሦስት» የሚል ሆነ። ለፋሲካ ገብቶ ተመለሰ። ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ አሁንም ቢሆን ፈርቶ የሚሳሳትበት ቀን ነበር፤ ያኔም ገበያው እሷን ይጠራል፣ እሷም ትመታዋለች። አስማረ አንድም ቀን «ተባረኪ» አላላትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ይህ ዲያቆን ጠዋት ውዳሴ ማርያሙን እየደገመ ጥፊዎቹን ይቆጥር እንደነበር ኋላ ታወቀ።

ሰኔ 1951 ወላጆች ተጠሩ። በጽሑፍ ፈተናው ጸሐይነሽ አንደኛ መውጣቷን ገበያው ራሱ ነግሯታል። የቀረው የቃል ሒሳብ ነው፤ እሱም በእንግዶች ፊት፣ በዚያው በጥፊው ሕግ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ከሹማምንቱ አጠገብ ተቀመጡ። ጠዋት ለአስማረ «ዛሬ ካሳፈርከኝ ጓዝህን ይዘህ ተከተለኝ» ብለውት ነበር። ጸሐይነሽም ሰምታለች።

ጥያቄው ተጀመረ። አስማረ ሁለቴ ተጠቆመበትና ሁለቴ ከሸፈበት፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ሌላ ልጅ ወጥቶ መታው። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ። ገበያው ሰዓቱን ተመለከተና «የመጨረሻ» አለ። «ዘጠኝ ጊዜ ሰባት።»

ሁለት ልጆች ተጠቆሙ፤ ሁለቱም ዝም። ከዚያ ጣቱ ጸሐይነሽ ላይ ዐረፈ። ገበያው ገና ሳይጠይቃት ለእንግዶቹ ፈገግ ብሏል፤ ይህች ልጅ የማታውቀው እንደሌለ ሊያሳያቸው ነው። ቀጥሎ የቆመው አስማረ ነው።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። በጽሑፉ አንደኛ ነኝ፤ አንድ ጥያቄ ብለቅ ምን እሆናለሁ ብላ አሰበች። እሱ ካልመለሰ ግን ነገ ሁለታችንም መንገድ ላይ ነን። ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን ያችን ልጅ ቢያዩዋት ተረቱን ይተዉት ነበር።

«አንቺ!» አለ ገበያው። ፈገግታው ጠፋ። «አንተስ?»

«ስልሳ ሦስት!» አለ አስማረ።

እልልታው ቀለጠ። መሪጌታ ቀና አሉ። «ምታ!» አለ ገበያው። አስማረ ሁለቱን ልጆች እንደ ነገሩ መታቸውና እኅቱ ፊት ቆመ። ጸሐይነሽ ጉንጯን ሰጠችው፤ ፈገግ ሳትልም አልቀረችም፤ ነካ አድርጎ እንደሚያልፋት እርግጠኛ ነበረች። አስማረ አንድ ጊዜ ወደ አባቱ አየ። ከዚያ የዓመቱን ሁሉ ሰብስቦ አሳረፈባት። ስትወድቅ ከግራ ጆሮዋ ደም ወረደ።

«አበጀህ!» አሉ መሪጌታ።

ግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲያ አልሰማም። ገበያው በእንግዳ ፊት አዋረደችኝ ብሎ በቃል ፈተናው ዜሮ ሰጣትና ስሟን ከወደቁት ጋር ጻፈው። አስማረ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። ከሹማምንቱም አንዱ ልጁን ስለወደደው ከቤቴ እየበላ ይማር አለ፤ ጋጋሪ አላስፈለገም።

«አባ፣ ዐውቀው ነበር» አለች ጓዟን እየጠቀለለች። «ለእሱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይጠይቁት።»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩት። አስማረ የምስክር ወረቀቱን እየጠቀለለ፣ «ብታውቂው ኖሮ ትመልሺው አልነበር?» አለ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ መሪጌታ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። በጥር አበርገሌ ወርዳ ተዳረች።

ባሏ ምንዋጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፍየል አርቢ ነው፣ ዝምተኛ ነው። ቆላው አቃጠላት፣ ወባው አንገላታት፣ ሁለት ልጅ ቀበረች፣ ሁለት አሳደገች። በኩሯ ወለተ ሰንበት እናቷን ቁርጥ ናት። ጸሐይነሽ ፍየሎቹን እያስቆጠረች መደመር አስተማረቻት፤ ከዚያ መቀነስ፣ ከዚያ ማባዛት። ልጅቱ ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ማባዣውን ጨረሰችው። ለጎረቤት ሁሉ «እናቴ የማታውቀው ቁጥር የለም» እያለች ትኮራባታለች። ጸሐይነሽ የደስታ ነገር ከተባለ ይህ ነበራት።

በ1964 መምህር አስማረ በበቅሎ አበርገሌ ወረደ። ሰቆጣ ሒሳብ አስተማሪ ሆኗል፤ ሆዱም ወጣ ብሏል። በግ ታረደለት። ከበላ በኋላ «ከልጆቻችሁ አንዱን ስጡኝ፤ ከቤቴ አስቀምጬ ላስተምርላችሁ» አለ።

ጸሐይነሽ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። «ወለተ ሰንበትን ውሰዳት» አለች። «ማባዣውን እስከ ዐሥራ ሁለት ታውቀዋለች።»

«ማን አስተማራት?»

«እኔ።»

አስማረ ከት ብሎ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የሚያበግነው ይኸው ነው። ነገሩን ለራሱ እየደጋገመ ሲያወራው ኖሮ አምኖታል። «አንቺ?» አለና ወደ ልጆቹ ዞረ። «እናታችሁ ባገር ሰው ፊት ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ጠፍቷት እንደ ግንድ ተገትራ ቀረች። እኔ መለስኩና አንድ ጊዜ ባጮላት መሬት ወደቀች! አይደለም እንዴ ጸሐይነሽ?»

ትንሹ ልጇ ደሴ ሳቀ። ምንዋጋውም ፈገግ አለ። ወለተ ሰንበት ግን እናቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ ሐሰት ነው በይው የሚል አስተያየት ነበር።

ጸሐይነሽ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያፈነችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን ይህን ሰው ባማቹ ፊት ብታዋርደው በቅሎውን ጭኖ ይሄዳል፤ ልጅቱም ትቀራለች። ለልጄ ስል አንድ ጊዜ ላሞግሰው አለች በሆዷ።

«እውነት ነው» አለች። «ጠፍቶኝ ነበር።»

«ታዲያ!» አለ አስማረ ወደ ምንዋጋው ዞሮ። «እንዲህ ያለች እናት ያስተማረቻት ልጅ ምን ትሆናለች? የተበላሸ ከማቃና አዲስ ማስተማር ይቀለኛል። ወንዱን ስጡኝ።»

«እንዳሉ» አለ ምንዋጋው።

ጸሐይነሽ እግሩ ላይ ወደቀች። «እባክህ፣ እሷን ጠይቃት! አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃት!» አስማረ እየሳቀ አነሣት፤ ልጅ መለየት ከብዷት ነው ብሎ አጽናናት። በማግስቱ ደሴ በቅሎዋ ላይ ተፈናጦ ሄደ።

ወለተ ሰንበት አላለቀሰችም። በረቱን ከፍታ ፍየሎቹን አወጣች። ጸሐይነሽ እንደ ወትሮው «ስንት ሆኑ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ አልቆጠረችም። ወደ እናቷ ቀረብ ብላ ቆመችና፣

«ለምን አላወቅሽውም?» አለቻት።