ሰርቨሩ ደህና ነው

እኔና እሱ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለዓመታት ኮድ ጽፈናል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን ሲስተም የሠራው እሱ ነው። ሌሎች ኮድ ጸሐፊዎች ጃቫስክሪፕት የሚባለው የኮድ ቋንቋ የድረ ገጽ ማስዋቢያ ነው እያሉ ሲያላግጡ፣ እሱ ሲስተሙን በሚያንቀሳቅሰው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ አውጥቶ ሙሉውን ሥራ አሸከመው። የመረጠው ፍሬምወርክ፣ ማለት ኮዱ የሚገነባበት ዝግጁ ማዕቀፍ፣ ሁሉንም ነገር በክላስ፣ በየዓይነቱ፣ የሚያደራጅ ነበር፤ አውቶቡሱም፣ ተሳፋሪውም፣ ወንበሩም ሳይቀር የራሱን ጉዳይ ራሱ የሚያውቅ ኦብጀክት ነው። እኔ ትዕግሥት ስለሌለኝ አቋራጭ ስፈልግ፣ «ወንበሩ መያዙን ራሱ ይወቅ፤ አንተ ምን አገባህ?» እያለ ይስቅብኛል። በዓል ሲደርስ ትኬት ፈላጊው ይግተለተላል፤ ያ ሲስተም ግን አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ሸጦ አያውቅም።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመና አያት ኮንዶሚኒየም ቤቱ ዋለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢሮ ሁለት ሦስት ሆነን፣ ከመገናኛ ባቡር ይዘን ልንጠይቀው እንሄድ ነበር። እኛ ስለ ሕመሙ ሳንጠይቀው እሱ ይቀድመናል። «ሰርቨሩ እንዴት ነው?» ይላል።

በዚህ መሀል ቢሮው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ወዳለ ፎቅ ተዛወረ፤ አዲስ አለቃም መጣ። ሰውየው ሲስተሙ በሌላ መሣሪያ እንደ አዲስ እንዲጻፍ ወሰነ። ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። የፍሬምወርኩ ሠሪዎች ሥራቸውን ትተውታል፣ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። አዲሱ ሲያልቅ አሮጌውን እንዳጠፋ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙን ጻፍኩና ሰርቨሩ ቆመ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለኮድ የሚያለቅስ ጅል ቢሉኝም ግድ የለኝም።

ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። እንንገረው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። የዚያን ቅዳሜ እንደ ልማዱ ሲጠይቀን፣ ደህና ነው አልኩት።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ቀለብ ይፈልጋል። ያኛው ክላስ ተስተካከለ ወይ ይለኛል፤ አዎ እላለሁ። በኋላማ ራሴ ብልሽት እየፈጠርኩ መላ እጠይቀው ጀመር። ያኔ ከትራሱ ቀና ይልና፣ ያንን ነገር ከልጁ ክላስ አውጥተህ ወላጁ ላይ አድርገው፣ ሌሎቹ ከዚያ ይወርሱታል እያለ ያስረዳኛል። ፊቱ ይፈካል፤ በሽተኛ አይመስልም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

በሣልስቱ ከድንኳኑ ስወጣ ባለቤቱ ወደ ጥግ ጠራችኝ። ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

«መጥፋቱን ያውቅ ነበር» አለችኝ።

ምኑን እንደምትል ወዲያው ገባኝ። ያጠፋሁት ዕለት በስልኩ ሊያየው ሞክሮ አልከፈት ብሎታል፤ ደጋግሞ ሞክሮ፣ በመጨረሻ ስልኩን ደፍቶ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። ታዲያ ለምን ዝም አለን፣ ለምንስ ይጠይቀን ነበር አልኳት።

«እንዳትነግሪያቸው ብሎ አስማለኝ። ማወቄን ካወቁ አፍረው ይቀሩብኛል አለ።» ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ዓርብ ዓርብ ነገ ምን ልጠይቃቸው እያለ ሲያስብ ያመሻል።»

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ላይ መልስ ስፈበርክ፣ እሱ ጥያቄውን ከማታው አዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። ተመልሼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ቅዳሜ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።