ዳዮዱን በትራንዚስተር ቀየርኩትና ፓስተራችን አላቆሙም

የስፒከሩን ቦርድ በጣቴ ነካሁት፣ አላቃጠለኝም! እዚሁ ጋርላንድ ከተማ፣ ፓርኩ መሃል፣ ቸርቹ ሁሉ እያየኝ ዘለልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለውጪ ፕሮግራም የምንጠቀምበት ስፒከር በትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው። የባትሪውን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገውን ቡስት ኮንቨርተር የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ስብከቱ መሃል ድምፁ ጥፍት አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን! መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቼክ ሳደርግ ችግሩ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ነው። ከረንት ባለፈበት ቁጥር የባትሪውን ኃይል በሙቀት ያባክነዋል። ሶ፣ አወጣሁትና በቦታው ትራንዚስተር አስገባሁ። ሰዓቱን ጠብቆ ኦን ከተደረገ ከረንቱን ብዙም ሳያባክን ያሳልፋል። የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ያለሰዓቱ ኦን አድርጌው ተቃጥሏል፤ ጋራዣችን እስካሁን ይሸታል።

ዛሬ ስብከቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድምፁ አንዴም አልተቆረጠም!

ፓስተራችን ጠሩኝ። "ልጄ፣ ባትሪው ገና ኃይል አለው?"

"አዎ ፓስተር፣ ገና ብዙ ይሠራል!" አልኩ በኩራት።

"ተባረኪ!" ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደገና ገለጡ።

እናቴ ከጎኔ ቆነጠጠችኝ። "ምናለ ዝም ብትዪ? ሰው እኮ ርቦታል!"

እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናንተስ፣ የጠገናችሁት ነገር ከሚፈለገው በላይ ሠርቶባችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።